የ77ቱ ካሴት

የመጽሔታችን ኮሚቴ ለምረቃችን 20ኛ ዓመት «አንቺ ታሪክ ትወጃለሽ፣ የታሪክ ጽሑፍ አምጪ» ሲለኝ፣ ስለ ጎንደር ኮሌጅ አጀማመር ወይም ስለ ፈንጣጣ ዘመቻ እጽፋለሁ ብላችሁ እንደጠበቃችሁ አውቃለሁ። እሱን ከእኔ አሳምረው የሚጽፉ የባች ልጆች አሉ። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ ካሴት ነው። ዘፋኝ የሌለበት፣ ግጥም የሌለበት፣ አንድ ሰው አሜሪካ ሆኖ ብቻውን ከማሽን ጋር የሠራው ካሴት። የመረጥኩት ያልከፈልኩት ዕዳ ስላለብኝም ጭምር ነው። ዕዳው ምን እንደሆነ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ካሴቱ «ሸሞንሟናዬ» ይባላል። የሠሩት ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ናቸው፤ ለብቻቸው ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው ነው። የወጣው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1985 ነው። ወደ እኛ ስንመልሰው አብዛኛው ዓመት 1977 ላይ ይወድቃል። ለወሎ ሰው 1977 ዓ.ም. ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም፤ ለሌሎቻችሁ ግን እመለስበታለሁ።

ጋሽ ኃይሉ በ1938 ዓ.ም. ገደማ ሸዋ ተወልደው በልጅነታቸው አዲስ አበባ የገቡ ሰው ናቸው። አኮርዲዮንን ገና በአፍላነታቸው ራሳቸውን በራሳቸው አስተማሩ። ያኔ አኮርዲዮን የዘመናዊነት ምልክት ነበር። ኦርጋን መጥቶ ቦታውን ወሰደበት፤ ጋሽ ኃይሉም ወደ ኦርጋንና ኪቦርድ ተሻገሩ። አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በዋልያስ ባንድ ነው። ዋልያስ በአዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት የተጫወተ ባንድ ሲሆን፣ ሰዓት እላፊ በነበረበት በደርግ ዘመን ሙዚቃው እኩለ ሌሊት ላይ አይቆምም ነበር። ታዳሚው በር ተዘግቶበት ሲጨፍር ያድርና ሰዓት እላፊው ሲነሣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የ36 ሰዓት ዲዩቲ ያደራችሁ ሁሉ የነዚያን ሙዚቀኞች የንጋት ፊት መገመት የሚያቅታችሁ አይመስለኝም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ባንዱ «ቼ በለው» የተባለውን በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሸክላ አሳተመ። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ላይ ነው ያለው። እሱን ደግሞ አላውቀውም የሚል ካለ አንዴ ያስከፍተው፤ ያውቀዋል።

በ1981 እ.ኤ.አ. ዋልያስ ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄደ። ከፊሎቹ ተመለሱ። ጋሽ ኃይሉ ቀሩ።

እንግዲህ አስቡት። አሥር ዓመት ከባንድ ጋር የኖረ ሰው ነው። ከበሮ የሚመታለት፣ ቤዝ የሚይዝለት፣ ትንፋሽ የሚነፋለት ሰው ነበረው። ዋሽንግተን ሲቀር ያ ሁሉ የለም። ያለው በዚያን ጊዜ ገበያ ላይ የወጣው መሣሪያ ነው፤ ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባለው ሲንተሳይዘር፣ ሙግ፣ ሮድስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ እና የከበሮ ማሽን። በአንድ የሚያውቁት ሰው ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ገብተው ሁሉንም ራሳቸው ተጫወቱት፤ አንዱን ቀርጸው በላዩ ሌላውን ደረቡበት። ከዚህ ሁሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሃል ደግሞ የልጅነታቸውን አኮርዲዮን አወጡ።

የአልበሙ ሙሉ ርዕስ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» የሚል አለበት። ፈረንጆቹ ይህን ሲያነቡ ሞዛርት ሊጠብቁ ይችላሉ። እኛ ግን «ክላሲካል» ስንል ሌላ ነገር ማለታችን ነው። ካፌ ገብታችሁ «እባክህ ያንን ጩኸት ቀይርና ክላሲካል ክፈትልን» ስትሉ አሳላፊው ሞዛርት አይከፍትላችሁም። ቃል የሌለው፣ ለስለስ ያለ፣ ወሬያችሁን የማይቀማ ሙዚቃ ነው የሚከፍተው። ሬድዮ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሲሸጋገር ክፍተቱን የሚሞላበት፣ ቴሌቪዥን ሲቋረጥ «ይቅርታ እንጠይቃለን» ከሚለው ጽሑፍ ጀርባ የሚያሰማው ነው። በእኔ አነባበብ የርዕሱ ክላሲካል ይኸኛው የእኛው ክላሲካል ነው።

ፈረንጆቹም ለዚህ ነገር ስም አላቸው፤ አምቢየንት ይሉታል። ክፍሉን እንደ ብርሃን የሚሞላ፣ ብትሰሙትም ባትሰሙትም የማይቀየማችሁ ሙዚቃ ነው። አጀማመሩ ለእኛ ሙያ የቀረበ ስለሆነ ልንገራችሁ። ብራያን ኢኖ የተባለ እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ በ1975 እ.ኤ.አ. ታክሲ ገጭቶት አልጋ ላይ ዋለ። ልትጠይቀው የመጣች ጓደኛው የበገና መሰል መሣሪያ ሸክላ አመጣችለት። ከሄደች በኋላ እንደ ምንም ከፈተው፤ ድምፁ ግን በጣም ዝቅ ብሎ ነበር፤ ተነሥቶ ከፍ ለማድረግ አቅም የለውም። በቃ ከውጭው ዝናብ ጋር ተደባልቆ ሲሰማው ዋለ፤ ሙዚቃ እንዲህም መኖር ይችላል ለካ አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለአውሮፕላን ማረፊያ የሚሆን ሙዚቃ ብሎ አንድ አልበም አወጣ፤ ዘውጉም በዚያ ስም ታወቀ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ጋሽ ኃይሉ ከ«ሸሞንሟናዬ» በኋላ ባሉት ዓመታት መድረክ ትተው ኑሯቸውን በታክሲ ነበር የሚገፉት። ተራ የሚጠብቁት ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከዕቃ መጫኛው ያወጡና ተሳፋሪ እስኪመጣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይለማመዳሉ። ኢኖ ለአውሮፕላን ማረፊያ ሙዚቃ ሲያዘጋጅ ያሰበው በውስጥ የሚንጎራደደውን መንገደኛ ነው። በውጭ፣ በመኪና ተራው ውስጥ፣ መስኮት ዘግቶ የሚጫወተውን ሰው የሰማ የለም። «ሸሞንሟናዬ» ልክ እንደ ኢኖ ሥራ አምቢየንት ነው ብዬ አልከራከርም፤ ዜማ ይበዛበታል፣ እስክስታም ያስመታል። ግን ብቸኝነቱ፣ ማሽኑ፣ ቃል አልባነቱ፣ ለክፍል የተሠራ መሆኑ ሲደመር ከእኛ አገር ሥራ የሚቀርበው እሱ ነው። ዛሬ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ማሲንቆና ዋሽንትን በኮምፒውተር ሲሠሩ አዲስ ነገር እንደመጣ ይወራል። አዲስ ነው፤ መንገዱ ግን የተረገጠ ነበር።

አሁን ወደ ወሎ።

ከካሴቱ ሥራዎች አንዱ «አምባሰል» ነው። ጎንደር ስንማር የወሎ ልጆች በእረፍት ወደ ቤት የምንሄድበትን መንገድ ታስታውሱታላችሁ፤ ወረታ፣ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ያ የማያልቅ ጠመዝማዛ እስከ ወልድያ። ከወልድያ ወደ ደሴ ስትወርዱ መርሳን፣ ውርጌሳን፣ ውጫሌን ታልፋላችሁ። ውጫሌ አምባሰል ነው። ያ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል የተፈረመው እዚያው ነው፤ በውሉ ጦስ ምኒልክ መስከረም 1888 ክተት ሲሉ ጦሩ እንዲሰበሰብ የቀጠሩት ደግሞ የእኔዋ ወረኢሉ ነው። ከደሴ ጉጉፍቱን በብርዱ ተገርፋችሁ፣ ካቤን አልፋችሁ ነው ወረኢሉ የምትገቡት። ወረኢሉ ያደግን ልጆች ሁሉ ይህቺን የአድዋ ቁራሽ እንደ ርስት ነው የምንናገራት፤ ይቅር በሉኝ።

ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው። ስለ አምባሰል ሲወራ መቼም ማሪቱ ለገሰ ሳትነሣ አይታለፍም፤ በእኛ ቤት አምባሰል ማለት የማሪቱ ጉሮሮ ነበር። ለሙዚቃ እንግዳ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። አምባሰል አምስት ድምፅ ነው፤ እንደ ሌሎቹ። ማይነር የሚሉትን ትዝታ ከዶ ብታስነሡትና አምባሰልን ከሶል ብታስነሡት ድምፆቹ ያው አምስቱ ናቸው፤ አንድም አይቀየር። የሚቀየረው ዜማው ቤቴ ብሎ የሚያርፍበት ድምፅ ነው። በአንደኛው ቤት የነበረው በሌላኛው መንገድ ላይ ያለ እንግዳ ይሆናል። እኔ ይህን ያወቅኩት ከ40 ዓመቴ በኋላ አንድ የሙዚቃ መምህር ታካሚዬ አልጋ ላይ ሆኖ በጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ እየመታ ሲያስረዳኝ ነው፤ ራውንዱ ዘገየ፣ ሬዚደንቶቹ ተቁነጠነጡ፣ እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም።

ማሲንቆ አንድ ጭራ ነው፤ ጣት ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲንሸራተት በመሃል ያለውን ሁሉ ይነካል። የአምባሰል እንባ ያለው እዚያ መሃል ላይ ነው። ኪቦርድ ግን መሃል የለውም፤ ወይ ይህ ነው ወይ ያ። ታዲያ ጋሽ ኃይሉ ምን አደረጉ? አኮርዲዮኑን አመጡት። አኮርዲዮንም ቁልፍ ነው፣ እሱም አይንሸራተትም፤ ግን ሳንባ አለው። ይተነፍሳል። በአንድ ድምፅ ላይ ቆሞ ማበጥና መሟሸሽ ይችላል፤ ዘፋኝ እንደሚያደርገው። የጎደለውን መንሸራተት ደግሞ ጣታቸው በፍጥነት እየዘለለ፣ ድምፁን ከግራና ከቀኝ እየነካካ ይሞላዋል። ከሥሩ የከበሮ ማሽኑ ያንን ጭክችካ ምቱን ያለ አንዳች መዛነፍ ይመታል። የአይሲዩ ሞኒተር አጠገብ የሚተነፍስ ሰው ነው የሚመስለኝ፤ ማሽኑ ልክ ነው፣ ሕይወት ያለው ግን ሌላኛው ነው። የአልበሙን ዋጋ አንድ ቦታ ጠቁሚ ብትሉኝ እሱን ነው የምጠቁመው።

እና ይህ የተቀረጸው በዚያ ዓመት ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም ያሰራጨው ፊልም ዓለምን አስለቀሰ፤ ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ደግሞ ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ኮንሰርት ተደረገ። በዓለም የታወቀ ዘፋኝ ሁሉ ለእኛ ዘፈነ። ከፊላዴልፊያ ዋሽንግተን በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። በዚያች ዓመት ወሎ በዓለም ጆሮ የገባችው በአንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ በረሃብ። ከስታዲየሙ ሦስት ሰዓት ርቀት ላይ አንድ ሰው ወሎን በሌላ ስሟ፣ በቅኝቷ ስም፣ እየጠራ ነበር። ጋሽ ኃይሉ ካሴቱን ለረሃቡ ሠሩት አልልም፤ ቃል በሌለው ሥራ ላይ ቃል መለጠፍ አልፈልግም። ሁለቱ በአንድ ዓመት መሆናቸው ብቻ ይከነክነኛል።

አባቴ ወረኢሉ ድሬሰር ነበር። በ77 እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነው። የፋፋ ሽታ። የስንዴ ጆንያ። በጭነት መኪና ለሰፈራ የተጫነ ጎረቤት፣ ከነውሻው መሄድ ፈልጎ ውሻው የቀረበት። አባቴ ማታ ሲገባ እናቴ ልብሱን ደጅ አስወልቃው በፈላ ውኃ ትዘፈዝፈዋለች፤ ሳትዘፈዝፍ አታቅፈኝም፣ እሱም አያቅፈኝም። ለምን እንደሆነ የገባኝ ጎንደር ማይክሮባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው፦ ግርሻ፣ ቅማል፣ ቦሬሊያ። እጄን አንሥቼ «ይኼንን እናቴ ታውቀው ነበር» ልል ምንም አልቀረኝም።

ካሴቱ ቤታችን የገባው ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በሱዳን በኩል ወጥቶ አሜሪካ የደረሰ የአባቴ የአጎት ልጅ ሰው አግኝቶ ከደብዳቤ ጋር ላከው። የመጀመሪያው ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ቴፑን ከበበ። አኮርዲዮኑ ጀመረ። ጥቂት ቆይታ እናቴ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አለች። ጎኑ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ አልገባም። ተናዳ ወደ ማጀት ሄደች። አባቴ ግን «አምባሰል» ሲደርስ ራሱን ነቅንቆ ሳቀና «አምባሰል ነው፤ ጫማ ያደረገ አምባሰል» አለ። ይህንን ፍርድ እስከ ዛሬ የሚያስንቅ የሙዚቃ ሂስ አላነበብኩም።

ከዚያ ቴፑ ክሊኒክ ገባ። አባቴ ቁስል የሚያጥብበት ክፍል መስኮት ላይ አስቀመጠው። ወረኢሉ ብርድ ነው፤ በየቤቱ እሳት ይነዳል፣ ልጅ እሳት ላይ ይወድቃል። የተጣበቀ ፋሻ በጨው ውኃ እያራሰ፣ ቀስ እያለ ሲያላቅቅ ያንን ካሴት ዝቅ አድርጎ ይከፍታል። ድንጋዩ ሲደክም ዜማው ይጎተታል፣ አኮርዲዮኑ ጎርናና ሽማግሌ ይሆናል፤ ያኔ ባትሪዎቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። ለምን ዘፈን እንደማይከፍት አንድ ቀን ጠየቅኩት። «ቃል ያለው ነገር ለታመመ ሰው ይከብዳል፤ ምን አለ ብሎ ማዳመጥ ሊኖርበት ነው» አለኝ። ልጆቹ ማልቀሳቸውን አልተዉም። ግን እናቶቻቸው ትከሻቸው ወረድ ሲል አይቻለሁ። የአባቴን ነገር በማስረጃ ካላስደገፍሽ የምትሉ የኢንተርናል ሕክምና ሰዎች አላችሁና፦ ላንሴት በ2015 እ.ኤ.አ. 73 ጥናቶችን አጠቃሎ ሙዚቃ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመምን፣ ጭንቀትንና የማስታገሻ ፍጆታን እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሆስፒታል ቆይታን ግን አላሳጠረም። አባቴም ያሳጥራል አላለም።

ለዚህ ነው ስለ ሮድስ ፒያኖ ሳነብ ለብቻዬ ሳቅ ያመለጠኝ። ሃሮልድ ሮድስ የተባለው አሜሪካዊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፒያኖ አስተማሪ ነበር። አልጋ ላይ የተኙ ቁስለኛ ወታደሮች እንዲለማመዱበት፣ ጭን ላይ የሚቀመጥ ትንሽ መሣሪያ የሠራው ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ክንፍ በተረፈ የአሉሚኒየም ቧንቧ ነው። ኋላ ያደገው የኤሌክትሪክ ፒያኖው ውስጡ ሲከፈት በመዶሻ የሚመቱ ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። እያንዳንዱ በአሠራሩ ኒውሮሎጂ ክፍል ቁርጭምጭሚት ላይ የምናስቀምጠው ቱኒንግ ፎርክ ነው። ጠቅላላው ቱኒንግ ፎርክ ነው እኮ፣ በመደዳ የተደረደረ። ለቁስለኛ የተወለደ መሣሪያ ዞሮ ዞሮ ወረኢሉ ቁስል ማጠቢያ ክፍል መስኮት ላይ ደርሷል። አባቴ ይህንን አያውቅም ነበር።

አሁን ዕዳው።

1990 ዓ.ም. ጎንደር ስገባ አባቴ ቴፑንና አምስት ካሴት አስያዘኝ። ከአምስቱ አንዱ «ሸሞንሟናዬ» ነበር። አናቶሚ ሲጀመር የሆንኩትን የዶርም ልጆች ታስታውሱታላችሁ። ወረኢሉ በመጻሕፍት የተማርኩት እንግሊዝኛ በጆሮዬ አይገባም፤ መምህሩ ይሮጣሉ፣ እኔ «ብራኪያል» የሚለውን ስጽፍ እሳቸው ክንድ ላይ ደርሰዋል። ሌክቸሩን መቅረጽ ነበረብኝ። ባዶ ካሴት መግዣ የለኝም። አራቱ ካሴቶች በሁለት ሳምንት አለቁ፤ አምስተኛውን አነሣሁት። እንዳይሰረዝበት ጥርሱ ተሰብሯል። ቀዳዳውን ምን ቢደፍነው ጥሩ ነው? ፕላስተር። አባቴ ለመንገድ ያስያዘኝ የቁስል ፕላስተር። ቆርጬ ለጠፍኩበትና የብራኪያል ፕሌክሰስን ሌክቸር በላዩ ቀረጽኩበት። አምስት ሥር አለው፣ እንደ ቅኝታችን። ፈተናውን አለፍኩ።

ክረምት ወረኢሉ ስገባ አባቴ የጠየቀኝ ሁለተኛው ጥያቄ «ካሴቷስ?» የሚል ነበር። «ዶርም ውስጥ ጠፋች» አልኩት። «ይሁን፣ ዕቃ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ አንሥቷት አያውቅም። ቁስል ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥም ቴፕ የሰማ የለም። በ2001 ዓ.ም. አረፈ። አልነገርኩትም።

ካሴቱ አገር ቤትም ውጭም በደንብ የተሸጠ ነበር፤ ከዚያ እንደ ካሴት ሁሉ በሲዲና በፍላሽ ተዋጠ። የተገኘበት ታሪክ ለእኛ የሚያስቀና ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ከአሮጌ ካሴቶች መሃል አገኘው። ወደደው። ባለቤቱን በኢንተርኔት አፈላልጎ ስልካቸውን አገኘና ደወለላቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. በራሱ አሳታሚ ድርጅት እንደገና አሳተመው። ታክሲ ነጂው ጋሽ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ አውሮፓና አሜሪካ ዞረው ተጫወቱ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ። ባሕር ዳር ስንት ጊዜ አውቶቡስ ቀይረናል? ከካሴት ሻጮቹ ፊት ቆመን ሎሚ እየመጠጥን ስንቴ አልፈናል? ያ ሁሉ ሰው ያለፈበትን ከሩቅ የመጣ ሰው ጎንበስ ብሎ አነሣው። አንዳንዶች «የእኛን ፈረንጅ ወሰደብን» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ለማለት አፌ አይደፍርም፤ የእኔን ፈረንጅ አልወሰደውም።

እንደገና መታተሙን የሰማሁት በአንድ የዲዩቲ ሌሊት ነው። አንዲት ወጣት ነርስ ስልኳን ከፍታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። አኮርዲዮኑ ሲጀምር የጨው ውኃና የተቃጠለ ቆዳ ሸተተኝ። «ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት። «ክላሲካል ነው ዶክተር፣ ልዝጋው?» አለችኝ።

በ2014ቱ ጦርነት ደሴን ለቀን ስንወጣ ቤታችን ተዘረፈ። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ የአባቴ ቴፕ ሳይቀር ሄደ። አንድ ካርቶን ግን እንዳለ ጠበቀን፤ የጎንደር ሃንድአውት። እሱን የሚሰርቅ ሌባ ገና አልተወለደም። ለዚህ መጽሔት የዶርም ፎቶግራፍ ስፈልግ ካርቶኑን ባለፈው ወር ገለበጥኩት። ከሥሩ ካሴቱ ነበር፤ ፕላስተሩ ቢጫ ሆኖ ተላጥጧል። ማጫወቻ ፍለጋ ሸዋ በር አካባቢ አንድ የሬድዮ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ሰውዬው ካሴቱን አገላብጦ አየና በእርሳስ ጥቂት አጠነጠነው፣ ራሱን ቴፑን በአልኮል ጠረገ፤ አጠራረጉ የእኛን ሰዎች ያስንቃል። ከፈተው።

መምህራችን መጡ። ያ ፍጥነት፣ ያ ሳል። ሲ 5፣ ሲ 6፣ ሲ 7። ከኋላ የወንበር መንቋቋት ይሰማል፤ አንድ ሰው ይስቃል፣ ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ፣ በስብሰባው ላይ ራሱ ይናዘዝ። ጠጋኙ ጨዋ ሰው ነው፤ ምንም ሳይል ሌላ ሬድዮ መፍታቱን ቀጠለ። መጨረሻ ላይ መምህሩ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚነበበውን ተናገሩ፣ ሰው ሲነሣ ተሰማ፣ ከዚያ የእኔ ጣት ማቆሚያውን ሲጫን «ቀጭ» አለ።

ጠጋኙ ሊዘጋው እጁን ሰደደ። «ትንሽ ቆይልኝ» አልኩት።

ሌክቸሩ ካሴቱን አልጨረሰውም ነበር። ከቀጭታው በኋላ ትንሽ ሹክሹክታ አለፈና የከበሮ ማሽኑ ከመሃል ጀመረ፣ አኮርዲዮኑ ተነፈሰ። አራት ደቂቃ ያህል ቀርቷል። ጠጋኙ መፍቻውን አስቀመጠና «ዘፋኙ የት አለ?» አለኝ።